ከፍትፍቱ ፊቱ



በትንሣኤ በዓል ሌሊት ከቅዳሴ መልስ በየቤቱ መሶብ ይከፈታል። ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፤ የቤቱ ሽማግሌ ይመርቃሉ፤ የቀረው ሁሉ «አሜን» ይላል። አባቶቻችን ስለዚህ ዓይነቱ ማዕድ ሲናገሩ «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚል አጭር ብሂል ትተውልናል። ወጡ ምንም ቢጣፍጥ በተፈታ ፊት ካልቀረበ ጉሮሮ ላይ ይቆማል፤ ፊቱ የበራ ሰው ያቀረበው ግን ሽሮም ቢሆን እንደ ድግስ ይቆጠራል ማለታቸው ነው።

በአሁኑ ጊዜ ይህ ብሂል አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣብናል። ፍትፍቱ በየአቅማችን አለ። ኑሮው ቢከብድም ዶሮው ተገዝቷል፤ ሽንኩርቱ ተቁላልቷል፤ እንቁላሉም ተቀቅሏል። ፊቱስ ወዴት አለ? በብዙዎቻችን ቤት ፊቱ አቀርቅሮ የእጅ ስልክ ይመለከታል። እናት ወጥ ታወጣለች፤ ልጅ «እሺ» ይላል፤ ዓይኑን ግን አያነሣም። አባት ስለ ጥንቱ ዘመን ጨዋታ ይጀምራሉ፤ ወሬው መካከል ላይ አንዱ ስልክ ይጮኻል፤ ጨዋታውም እንደ ተቋረጠ ይቀራል።

እንግዲህ በዚህ የበዓል ዕትም ልናነሣው የወደድነው ጉዳይ ይኸው ነው። አሳባችን ስልክን ለማውገዝ አይደለም። ከሰው ጋር ተቀምጦ ከሰው ጋር ስለ መገኘት፣ ይህም በክርስትናችን ውስጥ ምን ያህል ትልቅ ስፍራ እንዳለው ለማሳሰብ ነው።

በቀራንዮ የቆሙት

የምንኖረውና የምናገለግለው በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነው። «ቀራንዮ» የሚለውን ስም በየቀኑ ከታክሲ ረዳቶች አፍ እንሰማዋለን፤ በወረዳ ማኅተምና በመታወቂያ ወረቀታችን ላይም እናነበዋለን። ከመለመዳችን የተነሣ ስሙ የማን እንደ ሆነ ልብ የምንልበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቀራንዮ ጌታችን የተሰቀለበት፣ ትርጓሜውም የራስ ቅል ስፍራ የሆነው ቦታ ነው። በአካባቢያችን የሚገኘው የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ስም ይዞ ይኖራል።

በዚያ በመጀመሪያው ቀራንዮ፣ በዕለተ ዓርብ፣ ከመስቀሉ አጠገብ ጥቂት ሰዎች ቆመው እንደ ነበር ወንጌላዊው ዮሐንስ ይነግረናል። እመቤታችን ነበረች፤ ሌሎች ቅዱሳት አንስትም ነበሩ፤ ጌታ ይወደው የነበረው ደቀ መዝሙርም ነበረ። እነዚህ ሰዎች በዚያች ሰዓት ምን ማድረግ ቻሉ? ችንካሩን መንቀል አልቻሉም። ጭፍሮቹን መመለስ አልቻሉም። የቻሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ሳይሸሹ፣ ፊታቸውንም ሳያዞሩ መቆም ነው። ወንጌል ግን ይህን መቆማቸውን እንደ ትንሽ ነገር አልቈጠረውም፤ በስም ጠርቶ ጻፈላቸው። ጌታችንም በዚያ ሁሉ ሕማም ውስጥ ሆኖ ወደ እናቱና ወደ ደቀ መዝሙሩ ተመለከተ፤ እናቱን ለደቀ መዝሙሩ፣ ደቀ መዝሙሩንም ለእናቱ ሰጠ። ደቀ መዝሙሩም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት። አደራውን የተቀበለው በስፍራው የተገኘው ነው።

ከአንድ ቀን በፊት በጌቴሴማኒ የሆነው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጌታ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ወስዶ አብረውት እንዲተጉ ለመናቸው። ርቀቱ የድንጋይ ውርወራ ያህል ብቻ ነበረ። ነገር ግን ሲመለስ ተኝተው አገኛቸው፤ ይህም ሦስት ጊዜ ሆነ። በአካል እዚያው ነበሩ፤ በልብ ግን አልነበሩም። ከዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ። አጠገብ ሆኖ መራቅ የእጅ ስልክ ያመጣው አዲስ ሕመም አይደለም። የሰው ልጅ የቆየ ድካም ነው። ስልክ ያደረገው ድካሙን ቀላል፣ ብሩህ፣ የሚያስቅና ማለቂያ የሌለው ማድረጉ ነው።

ስልክ የሰይጣን ሥራ ነውን?

በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓመታት፣ ስልክ ወደ አገራችን ሲገባ አንዳንድ ሰዎች በሽቦ ውስጥ የሚናገረው ርኩስ መንፈስ ነው ብለው ተቃውመው እንደ ነበር በታሪክ ይነገራል። ዛሬ ይህን ስንሰማ ፈገግ እንላለን። በ1991 ዓ.ም. የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በአዲስ አበባ ሲጀመር ስልኩን የሚይዙት ጥቂት ባለጸጎችና ባለሥልጣናት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ባለው ሩብ ምዕት ዓመት ውስጥ ነገሩ ፈጽሞ ተለውጧል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ብቻ በ2017 ዓ.ም. ከ80 ሚሊዮን በላይ ደርሰዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሁለተኛ ሆኖ ገብቷል። ዛሬ የኮልፌ አጠና ተራ ነጋዴም፣ ከገጠር የመጣው ሸክም አውራጅም፣ የቆሎ ተማሪውም ሳይቀር ስልክ ይይዛል።

ስለዚህ የስልክን ጥቅም መካድ እውነትን መካድ ነው። ልጁ በአሜሪካ ወይም በአረብ አገር የምትኖር እናት የልጇን ፊት የምታየው በዚችው መስታወት ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር በመጀመሩ የዕድር መዋጮና ለወላጅ የሚላክ የበዓል ገንዘብ በደቂቃ ይደርሳል። በዚያው ዓመት በተቀሰቀሰው የሰሜኑ ጦርነት በትግራይ የስልክ አገልግሎት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፣ ወላጅና ልጅ አንዱ የሌላውን መኖርና መሞት ሳያውቅ ብዙ ወራት አሳልፏል። መስመሩ ሲከፈት «አለህ ወይ? አለሽ ወይ?» እየተባባለ የተላቀሰውን ሰው ያየ፣ ስልክን የሰይጣን ሥራ ብሎ አይጠራም።

በ2012 ዓ.ም. የሆነውንም አንረሳም። የኮሮና ወረርሽኝ በአገራችን በተከሠተበት በዚያ ዓመት አብዛኛው ምእመን የትንሣኤን ሌሊት ያሳለፈው በቤቱ ተወስኖ ነው። ቅዳሴውን በቴሌቪዥንና በስልክ ተከታተለ። ድምፁ ደረሰው፤ ምስሉም ደረሰው፤ በዚህም ተጽናና። ነገር ግን ከዕጣኑ ሽታ፣ ጧፍ ይዞ በጨለማው ከሚቆመው ሕዝብ መካከል፣ ከሥጋ ወደሙም ርቆ መዋሉን እያሰበ ያለቀሰ ብዙ ነው። ያ ዓመት ሁለት ነገር በአንድነት አስተምሮናል። ስልክ የተለያዩትን ለማገናኘት ምን ያህል እንደሚረዳ አሳይቶናል፤ የመገኘትን ስፍራ ግን ሊወርስ እንደማይችልም አሳይቶናል።

በአንድ ምዕራፍ ሁለት ፈውስ

ይህን ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያብራራልን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ላይ የምናገኛቸው ሁለት ተአምራት ናቸው። በዚያ ምዕራፍ የመቶ አለቃው ብላቴና ታሞ በሩቅ ተኝቷል። መቶ አለቃው ጌታ ወደ ቤቱ ሳይመጣ አንድ ቃል ብቻ እንዲናገርለት ለመነ። ጌታም ቃል ተናገረ፤ ብላቴናውም በዚያች ሰዓት ተፈወሰ። ቃል ከሩቅ ሊፈውስ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። በልቡ ፍቅር ያለው ሰው በስልክ የሚልከው ቃልም ዋጋ አለው።

ነገር ግን ከዚህ አስቀድሞ፣ በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ለምጻም ወደ ጌታ ቀርቦ ሰገደ። ያንንም ሰው በቃል ብቻ መፈወስ ይችል ነበር፤ የተፈወሰውም በፈቃዱ ነው። ጌታ ግን እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው። ለምን? ለምጻም በኦሪት ሥርዓት ከሰፈር ውጭ ለብቻው የሚኖር፣ ማንም የማይነካው ሰው ነበረ። ከቆዳው ሕመም በላይ የጎዳው የሰው እጅ መናፈቁ ነበረ። መድኃኒታችን ሁለቱንም አወቀለት። አንደኛውን በሽታ በሥልጣኑ፣ ሁለተኛውን በእጁ ፈወሰለት።

በአካባቢያችን ለሚኖር ሰው ይህ ምዕራፍ እንግዳ አይደለም። በክፍለ ከተማችን፣ ዘነበወርቅ በተባለው ሰፈር፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማከምና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የአለርት ሆስፒታል ይገኛል። ከዚያ አስቀድሞም በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በዚያው ነበረ። ከየክፍለ ሀገሩ፣ ቤተሰቦቻቸው ያራቋቸው ሰዎች ለሕክምና መጥተው በዙሪያው ሰፈሩ፤ ጎጆ ቀለሱ፤ ተጋቡ፤ ልጅና የልጅ ልጅ አዩ። ዛሬ በሽታው በመድኃኒት ፈጽሞ የሚድን ሆኗል፤ ሆስፒታሉም ለሁሉም ዓይነት ሕሙማን አገልግሎት ይሰጣል። የሰፈሩ ታሪክ ግን አንድ ነገር ያስታውሰናል። ሰው እንጀራ እየተላከለት፣ ልብስ እየተላከለት ብቻውን ሊኖር ይችላል፤ ቀርቦ የሚጨብጠው ካጣ ግን በሕይወት ሳለ ከሰው ተራ የወጣ ይመስለዋል።

እንግዲህ ጥያቄው «ስልክ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» የሚል አይደለም። ጥያቄው «ከፊታችን ያለው ሰው የሚሻው ቃልን ነው ወይስ እጅን?» የሚል ነው። በባሕር ማዶ ላለው ልጅ ቃል እንልካለን፤ ሌላ መንገድ የለንምና። አጠገባችን ላለችው እናት ግን እጃችንን ልንሰጥ ስንችል፣ እጃችን በስልክ ተይዟል።

መጥተዋል፤ ግን አልደረሱም

ባለፈው ዓመት በቀዳም ሥዑር ዕለት፣ እንደ ልማዱ ከካህናት አባቶች ጋር የምሥራቹን ቄጠማ ይዘን በአየር ጤና አካባቢ በየቤቱ ስንዞር፣ ወደ አንዲት አረጋዊት እናት ቤት ገባን። ቤቱ ሞልቷል። ልጆችም፣ ምራቶችም፣ የልጅ ልጆችም ተሰብስበዋል። እማማ በመደባቸው ላይ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ቄጠማውን ተቀብለው፣ መስቀሉን ተሳልመው፣ በግንባራቸው ላይ አሰሩ። እኛም ቤቱ በመሙላቱ ደስ ብሎን ልጆቻቸው ስለ መጡላቸው እንኳን ደስ ያለዎት አልናቸው። እርሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጆቹ እንደ መጡላቸው፣ ነገር ግን ገና እንዳልደረሱላቸው ነገሩን። ዞር ብለን ስናይ በቤቱ ከነበሩት ዘጠኝ ሰዎች ሰባቱ ስልካቸውን ይመለከቱ ነበር። አንደኛው ልጅ የእናቱን ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ከበታቹ የፍቅር ቃል ጽፎ ለወዳጆቹ እየላከ ነበር። እናቱ ደግሞ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠው ያዩታል።

በእነዚያ ልጆች ለመፍረድ አይደለም። እናታቸውን ይወዳሉ። ባይወዱ ከሩቅ ሰፈር በሁለትና በሦስት ታክሲ ተጋፍተው አይመጡም ነበር። ነገሩ የፍቅር ማጣት ሳይሆን የፍቅር መዘግየት ነው። ይህ መዘግየት ግን የሚያስፈራ ነው፤ ምክንያቱም እናት አትቆይም። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ፍትሐት በምናደርስበት ጊዜ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ልቅሶ «ምነው ቁጭ ብዬ ባጫወትሁሽ!» የሚል ነው። ገንዘብ ስላልሰጠ የሚጸጸት አለ፤ ጊዜ ስላልሰጠ የሚጸጸተው ግን ይበዛል። ለሬሳ የሚነበብ መጽሐፍ አለን፤ ለሞተ ሰው ግን የሚመለስ የጨዋታ ሰዓት የለንም።

ማለቂያ ያለው ማዕድ

የአገራችንን ሥርዓት በጥሞና ብንመረምረው ሁሉም ነገሩ ሰውን ከሰው ጋር እንዲገኝ የሚያስገድድ ሆኖ እናገኘዋለን። ከማዕድ በፊት የእጅ ውኃ ይቀርባል። ታናሽ ቆሞ ያስታጥባል፤ ታላቅ እጁን ይዘረጋል። በዚያች ጊዜ የያዘውን ነገር ያላስቀመጠ ሰው መታጠብ አይችልም። ጉርሻም እንዲሁ ነው። ያጎረሰ ሰው የሚጎርሰውን ፊት ሳያይ ማጉረስ አይሆንለትም፤ የጎረሰም ያጎረሰውን ሳያይ አያመሰግንም። በማኅበር ጽዋው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሸጋገር የሚቀበለው ሰው ራሱ ተገኝቶ ነው፤ ጽዋ በመልእክት አይላክም። በለቅሶ ቤትም የሚመጣው ሰው ብዙ አይናገርም። «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ይቀመጣል፤ ለሦስት ቀን እየተመላለሰ ይቀመጣል። የሚያጽናናው ንግግሩ ሳይሆን መቀመጡ ነው።

የቡና ሥርዓታችንም ልክ አለው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ በሦስተኛው ይፈጸማል፤ ምርቃት ይደረግና ሰው ወደ ሥራው ይነሣል። የእጅ ስልክ ገጽ ግን በረካ የለውም። የቲክቶክና የፌስቡክ ገጾች የተሠሩት በጣት ወደ ላይ በተገፉ ቍጥር ሌላ ነገር እንዲያመጡ፣ መጨረሻም እንዳይኖራቸው ነው። ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የባለቤቶቹ ገቢ የሚያድገው ሰው በገጹ ላይ በቆየ መጠን ማስታወቂያ ስለሚታይ ነው። እንግዲህ በአንድ በኩል ልክ ያለው፣ ተባርኮ የሚጀመርና ተመርቆ የሚፈጸም ማዕድ አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ልክ የሌለው፣ ያልተባረከና የማይፈጸም ገበታ አለ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለመመገብ የሚሞክር ሰው ከሁለቱም ሳይጠግብ ይነሣል።

በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይጠልቃል። በዲቁና የምናገለግል ሰዎች በቅዳሴ ጊዜ ከሚሰጠን ሥራ ዋናው ሕዝቡን ማንቃት ነው። ዲያቆኑ የተቀመጡት እንዲነሡ፣ ወደ ምሥራቅ እንዲመለከቱ፣ እንዲያስተውሉም ያዝዛል። ከቍርባን በፊትም ምእመናን እርስ በርሳቸው ሰላምታ እንዲሰጣጡ ያሳስባል። አንዱ ወደ ሌላው ዞሮ ሳያየው፣ ራሱንም ዝቅ አድርጎ እጅ ሳይነሣው ወደ ቅዱሱ ምሥጢር አይቀረብም ማለት ነው። አባቶቻችን ይህን የወሰኑት ሰው በቅዳሴ መካከል እንኳ ልቡ እንደሚከዳው ስለሚያውቁ ነው። ጫማችንን አውልቀን በገባንበት መቅደስ ውስጥ የሚጮኽ ስልክ ግን በአንድ ጊዜ የብዙ ሰው ልብ ይዞ ይወጣል። ታቦት ሲወጣ እልል ከማለት ይልቅ ስልኩን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ምስል የሚቀርጸው ሰው፣ ያየው ታቦቱን ሳይሆን የስልኩን መስታወት ነው።

ወጣቱን ብቻ አንውቀስ

ስለ ስልክ ሲነገር ጣታችን ፈጥኖ ወደ ወጣቱ ያመለክታል። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ልጅ የሚማረው ከሚሰማው ይልቅ ከሚያየው ነው። ሕፃን የትምህርት ቤት ሥዕሉን ይዞ ሲመጣ «ቆይ፣ ይህችን ልጨርስ» የተባለ፣ ሲያድግም ለአባቱ የሚመልሰው ይህንኑ ቃል ነው። ሕዝብ የሚሰበስብ ሽማግሌ፣ ዕድር የሚመራ ዳኛ፣ በዐውደ ምሕረት የሚቆም ሰባኪ፣ እርሱ ራሱ ስልኩን ካላኖረ ማንንም «አኑር» ሊል አይችልም።

«ሥራዬ ስልክ ላይ ነው» የሚል ሰውም አለ። እውነት ነው። ተረኛ ሐኪም፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ የድንገተኛ መኪና አሽከርካሪ፣ በበዓል ቀንም ቢሆን ሊጠሩ ይችላሉና ስልካቸውን ከአጠገባቸው ሊያርቁ አይገባም። እንዲህ ያለውን ሰው እንዲያውም ልናመሰግነው ይገባል። አብዛኞቻችን ግን በማዕድ ሰዓት የምናየው ነገር የሰውን ነፍስ የሚያድን አይደለም። አንድ ሰዓት ብንዘገይ ምንም አይጎድልብንም።

«ዝምታው ይከብደናል፤ ምን እንደምንጫወት እናጣለን» የሚሉም አሉ። ይህ ከሁሉ ይልቅ እውነተኛ ምክንያት ነውና በአክብሮት ልንሰማው ይገባል። ወንድምና እህት ለዓመታት በየፊናቸው ከኖሩ በኋላ በአንድ ገበታ ሲቀመጡ፣ በመካከላቸው ያልተፈታ ቂም ወይም ያልተነገረ ችግር ሊኖር ይችላል። ስልክ በዚያን ጊዜ መሸሸጊያ ይሆናል። ነገር ግን ትንሣኤ የዕርቅ በዓል ነው። በሰሙነ ሕማማት ተከልክሎ የቆየው የመሳሳም ሰላምታ በዚህ ሌሊት የሚመለሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ዝምታው የሚከብደው አንድ ነገር ሊነገር ስለሚገባው ነው። ስልኩን ካነሣን ያ ነገር ሌላ ዓመት ይቆያል።

ምን እናድርግ?

ጾም የምግብ ብቻ እንዳልሆነ፣ ዓይንም፣ ጆሮም፣ አንደበትም የራሳቸው ጾም እንዳላቸው ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። ከስቅለት እስከ ትንሣኤ እህልና ውኃ ሳይቀምሱ የሚያከፍሉ ምእመናን ባሉበት አገር፣ ለአንድ ማዕድ ያህል ስልክን ማኖር ከአቅም በላይ ሊሆን አይችልም። በመሆኑም ለየቤተሰቡ የሚከተለውን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ፣ በሩቅ ያሉትን ወገኖቻችንን ከማዕድ በፊት እንጥራቸው። ሁሉም በተራ ሳይሆን በአንድነት ሆኖ «እንኳን አደረሳችሁ» ይበላቸው፤ አያትም ይመርቋቸው። የሚወደደው የቤተሰብ ፎቶግራፍም በዚያው ጊዜ ይነሣ። የቃሉ ድርሻ በዚህ ይፈጸማል።

ሁለተኛ፣ የእጅ ውኃ ሲቀርብ ስልክ ይቀመጥ። አንድ ሌማት ወይም ሙዳይ ይዘጋጅና የሁሉም ስልክ ድምፁ ጠፍቶ በዚያ ይኑር፤ የአባወራው ስልክ ቀድሞ ይግባ። እስከ በረካ ድረስም አይነሣ። ይህ አዲስ ሥርዓት አይደለም፤ የቆየውን የእጅ መታጠብ ሥርዓት ወደ ቀድሞ ትርጉሙ መመለስ ነው።

ሦስተኛ፣ በቤቱ ያሉ ሽማግሌ ወይም አሮጊት አንድ ታሪክ እንዲናገሩ ይለመኑ፤ ከትንንሾቹም አንዱ የሚያውቀውን ያጫውት። የሚናገር ሰው የሚያየውን ዓይን ሲያገኝ ንግግሩ ይረዝማል።

አራተኛ፣ በጎረቤት ብቻውን የሚውል ሰው እንዳለ እንጠይቅ። በጋራ መኖሪያ ቤቶቻችን ፎቅ ላይ፣ ከበር በር ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ እየኖርን፣ ማን እንደ ታመመ የምናውቀው በቴሌግራም በሚለቀቅ ማስታወቂያ ከሆነ ውሎ አድሯል። ቄጠማውን ካህን በየደጁ ይዞ የሚዞረው የምሥራች ሰው በሰው እጅ እንዲደርስ ነው። እኛም ዳቦ ቆርሰን በር እናንኳኳ።

ይህም ለአንድ ቀን ብቻ አይሁን። ከትንሣኤ በኋላ ያለው ሳምንት ማክሰኞ የቶማስ መታሰቢያ ነው። ቶማስ ጌታ በተገለጠ ጊዜ ከወንድሞቹ ጋር አልነበረም። ወንድሞቹ የሆነውን ሁሉ ነገሩት፤ እርሱን ግን ወሬ አላጠገበውም፤ በዓይኑ ሊያይ፣ በእጁ ሊዳስስ ፈለገ። ጌታም አልናቀውም፤ በስምንተኛው ቀን መጥቶ ቍስሉን አሳየው። ቶማስ በዚያ ቀን ያገኘው ከወንድሞቹ ጋር ስለ ተገኘ መሆኑን ልብ እንበል። ሐዋርያው ዮሐንስም በሁለተኛውና በሦስተኛው መልእክቱ ብዙ የሚጽፈው ነገር ሳለው ቀለምና ብዕርን ትቶ፣ መጥቶ ፊት ለፊት መነጋገርን እንደ መረጠ ገልጿል። ደስታ የሚፈጸመው በዚያ ነው ብሎ አምኗልና።

በትንሣኤው ቀን ሁለት ደቀ መዛሙርት ወደ ኤማሁስ ይጓዙ ነበር። ጌታ አብሯቸው ሲሄድ ዓይናቸው ተይዞ አላወቁትም። ሲመሽ ግን መንገደኛውን አላሳለፉትም፤ አብሯቸው እንዲያድር ግድ አሉት። በማዕድ ተቀምጦ እንጀራውን ባርኮ ሲቆርስ ዓይናቸው ተከፈተ፤ ከሙታን የተነሣውንም አወቁ። ፊታቸውን ወደ እንግዳው ባያዞሩ፣ ከአንድ ገበታም ባይቀመጡ ኖሮ፣ ትንሣኤው አጠገባቸው ሲያልፍ ሳያውቁት በቀሩ ነበር።

በየቤታችን የሚቀመጡትን ፊቶች ቀና ብለን ለማየት ያብቃን። ዓይኖቻችንን ይክፈትልን። የሄዱብንን ነፍሳቸውን ይማርልን፤ ያሉትን ያቆይልን።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንልን።